አምስቱ ዓመት ከመብራቱ ቀን ይቆጠር

የተከበራችሁ የወረዳችን አመራሮች፣ የሥራና ክህሎት ባለሙያዎች፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪዎች፣ የሼዳችን ልጆች፣ እንኳን ወደ አዲስ ዓመት ባዛራችን በደህና መጣችሁ።

ንግግሩን አጠር አድርጊው ተብያለሁ። እሺ ብያለሁ። ግን አንድ ነገር ይዤ መጥቻለሁ፤ እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም።

መጀመሪያ ምስጋናው። ለድንኳኑና ለቦታው ወረዳችንን እናመሰግናለን። ከዚያ በላይ ግን የማመሰግነው እናንተን የቱሉ ዲምቱን ነዋሪዎች ነው። ቁልፍ ተቀብላችሁ ስትገቡ ብዙዎቹ ቤቶች የውስጥ በር እንኳ አልነበራቸውም። የወጥ ቤት ካቢኔቱን፣ ቁም ሳጥኑን፣ የመስኮት ብረቱን ያሠራችሁት እዚሁ ሰፈር፣ እኛ ጋ ነው። መርካቶ መሄድ ስትችሉ እኛን መረጣችሁ። የሼዱ ሰው ይህን አይረሳም።

አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ።

ሼዱን፣ ማለትም ለተደራጁ ልጆች ለ5 ዓመት በኪራይ የሚሰጠውን የሥራ ቦታ፣ የተረከብንበትን ቀን አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። እኛ አምስት ሆነን የተደራጀን የእንጨት ሥራ ልጆች ነን። ሥልጠናውን ወስደናል፣ የብቃት ምዘናውን አልፈናል፣ ንግድ ፈቃድ አውጥተናል። ማሽኑን ያገኘነው በካፒታል ዕቃ ሊዝ ነው፤ በየወሩ እየከፈልን የራሳችን የምናደርገው ኪራይ ማለት ነው። 20 በመቶውን እኛ፣ 80 በመቶውን አከራዩ ተቋም። ያችን 20 በመቶ ለመሙላት እኔ የዕቁቤን ብር ሰጠሁ። የአንዷ ጓደኛችን እናት የአንገት ሐብላቸውን ሸጡ። ይህን የምናገረው እንድታዝኑልን አይደለም። ድጋፍ ሲባል ከአንድ ወገን ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ሰው ስላለ ነው።

ማሽኑ በአይሱዙ መጣ። እንጨት የሚልግ፣ የሚሰነጥቅና የሚበሳ፣ ሁሉን በአንድ ላይ የያዘ ማሽን ነው። የሼዱ ልጆች በሙሉ ወጥተው በገመድና በሞራሌ እያንሸራተቱ አወረዱልን። ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ተበተነ። ኤሌክትሪሺያን ጠራን። የመብራት ሳጥኑን ከፍቶ አየና መልሶ ዘጋው። «ይሄ አምፖል ያበራል እንጂ ይህን ማሽን አያስነሳም» አለን። ማሽኑ የሚፈልገው ሦስት ፌዝ የሚባለውን ለትልቅ ማሽን የሚሆን መስመር፣ 380 ቮልት ነው። ሼዱ ውስጥ የገባው ተራው የቤት መስመር ነው፤ 220። ለሼዱ የሚሆን ትራንስፎርመር ገና አልተተከለም ነበር።

ማሽኑን በሸራ ሸፈንነው። ክረምት ሲገባ ጣሪያው በአንድ ጥግ ማፍሰስ ጀመረ፤ ሸራው ላይ ላስቲክ ደረብንበት። ብረቱ እንዳይዝግ በየሳምንቱ ሸራውን ገልጠን ግሪስ እንቀባዋለን። አንድ ቀን እንኳ ያልሠራን ማሽን እየቀባን የሊዙን ክፍያ ግን በየወሩ እንከፍላለን። ክፍያው መብራት አልጠበቀም። የሼዱ ኪራይም አልጠበቀም።

ሥራ አላቆምንም። ጣውላውን በባጃጅ ጭነን ቃሊቲ እንወስዳለን፤ በሰው ማሽን ተልጎ ይመለሳል። ለዚያ እንከፍላለን። ለባጃጁ እንከፍላለን። ወረፋ ካለ እዚያው እንውላለን። አንዲት እናት ለልጃቸው ሠርግ ቁም ሳጥን አዘዙን፣ ቀብድም ከፈሉ። ቃሊቲ ያለው ማሽን ተበላሸና ሥራው ዘገየ። ሠርጉ ሲቃረብ መጡና ጣውላው ላይ ተቀመጡ። አልተቆጡም። «ልጆቼ አልፈርድባችሁም፣ ግን ልጄን በባዶ ቤት አላስገባትም» ብለው ቀብዳቸውን ተቀብለው ሄዱ። ምን እንበላቸው? ትክክል ነበሩ።

ከአምስታችን ሁለቱ ያኔ ወጡ። አንዷ ዓረብ አገር ሄደች። ሌላው አሁን የሰው ታክሲ ይነዳል። ሁለቱም ከእኔ የተሻሉ ባለሙያዎች ነበሩ።

ትራንስፎርመሩ የተተከለው ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ነው። ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የጮኸ ዕለት ከብረት ሥራው፣ ከልብስ ስፌቱ፣ ከዳቦ ቤቱ ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠርተናል። ሦስት ሰው ቀጥረናል። ሊዙን ከፍለን ልንጨርስ ትንሽ ነው የቀረን።

ባለፈው ሰኔ ደብዳቤ ደረሰን። የ5 ዓመት ቆይታችሁ አብቅቷል፣ ሼዱን አስረክቡ ይላል። 5 ዓመቱ የተቆጠረው ቁልፍ ከተረከብንበት ቀን ጀምሮ ነው።

እንግዲህ የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው። 5 ዓመቱ የሚቆጠረው ከመቼ ነው?

የልጅ ዕድሜ የሚቆጠረው ከተወለደበት ቀን ነው፤ እናቱ ካረገዘችበት ቀን አይደለም። የእኛ 5 ዓመትም ማሽኑ ከተነሳበት ቀን ይቆጠር!

ይህ የእኛ የእንጨት ሠሪዎቹ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዳቦ ቤቱን ጠይቁ። ምድጃው ገብቶ ውሃ እስኪገባ ስንት ጊዜ በጀሪካን ሲቀዱ ኖሩ? የብረት ሥራ ልጆቹን ጠይቁ። መንገዱ ጥርጊያ ስለነበር ክረምት ላይ ላሜራና ትቦላሬ የጫነ መኪና እዚህ አይደርስም ነበር፤ ከዋናው መንገድ በትከሻቸው ነው ያመላለሱት። የሁሉም ቆጠራ ግን ከቁልፉ ቀን ነው የተጀመረው።

የሼዱ ጊዜ ለምን እንደተገደበ ይገባናል። ሼድ ጥቂት ነው፣ ፈላጊው ብዙ ነው። በየዓመቱ ከቴክኒክና ሙያ የሚመረቁ ልጆች አሉ። የእኔም ታናሽ ወንድም ከእነሱ አንዱ ነው፤ ተራ ይጠብቃል። ለዘላለም እንቀመጥ አላልንም። የሚገባን ጊዜ ይሰጠን ነው ያልነው።

ቦታ የጠበበውም በእኛ ምክንያት ብቻ አይደለም። ሼድ ተረክቦ ቆልፎ መጋዘን ያደረገ አለ። በስሙ ተቀብሎ ለሌላ ሰው እያከራየ፣ ወር እየጠበቀ የሚበላ አለ። እናውቃቸዋለን። እናንተም ታውቋቸዋላችሁ! ማሽን የሌለበት፣ ፍቅፋቂ የማይታይበት፣ ብየዳ የማይሰማበት ሼድ የማን እንደሆነ ለማወቅ ኮሚቴ አያስፈልግም። በሩን ማንኳኳት ይበቃል። እነሱ ይውጡ! የሚሠራውን ከማስወጣታችሁ በፊት የማይሠራውን አስወጡ!

ደግሞ ውጡ ስንባል የት ነው የምንሄደው? ፖሊሲው ደረጃ አለው፤ ጀማሪ፣ ታዳጊ፣ የበቃ። የበቃ ሰው ከሼድ ወጥቶ በራሱ አቅም ይቆማል ነው ነገሩ። መልካም። ግን ማሽን ነቅለህ ስትሄድ ሦስት ፌዙ አብሮህ አይሄድም። የግለሰብ ግቢ ተከራይተህ ለመስመር እንደገና ታመለክታለህ፣ እንደገና ትጠብቃለህ። ጎረቤት ደግሞ ድምፅ ረበሸን ይላል፤ አይፈረድበትም። ስለዚህ የበቃውም ሰው እንደገና ጀማሪ ይሆናል።

የምንጠይቀው በጀት የማይጠይቅ ነገር ነው። ትራንስፎርመር ትከሉ አላልንም። እሱ የእናንተ ሥልጣን እንዳልሆነ እናውቃለን። የርክክብ ሰነዱ ላይ ግን ሦስት መስመር መጨመር ትችላላችሁ። መብራት የገባበት ቀን። ውሃ የገባበት ቀን። መኪና መግባት የጀመረበት ቀን። ከሦስቱ የመጨረሻው ቀን የ5 ዓመቱ መጀመሪያ ይሁን። ወረቀትና ማኅተም ነው፤ ሌላ ወጪ የለውም። ለነባሮቹ ደግሞ መስመሩ የገባበት ቀን በሰነድ ይገኛል፤ ቆጣሪው የተገጠመበት ቀን የተጻፈ ነው።

የጥቃቅንና አነስተኛ ስትራቴጂ በአገራችን የወጣው በ1990 ነው። በ2003 ተሻሽሏል። በ2009 ለወጣቶች 10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ ተመድቧል። ማንም አልደገፈንም ብዬ አልዋሽም። ግን በየዓመቱ በሪፖርት የምንሰማው ስንት ሰው እንደተደራጀና ስንት የሥራ ዕድል እንደተፈጠረ ነው። በ5ኛው ዓመት ስንቱ በሩን ከፍቶ እየሠራ ነው የሚለውም በዚያው ሪፖርት ይጻፍልን። ያኔ ብዙው ነገር በራሱ ይስተካከላል።

ሌላው የገበያ ትስስር ነው። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ከ1996 አካባቢ ጀምሮ ኮንዶሚኒየም ሲገነባ ብሎኬቱን፣ በሩንና መስኮቱን ያመረቱት የተደራጁ ማኅበራት ነበሩ። ዛሬ ትልቅ ወርክሾፕ ያላቸው አንዳንድ ብረት ሠሪዎች የተነሱት በዚያ ሥራ ነው። ብድር ብቻ አይደለም ያሳደጋቸው። ትዕዛዝ ነው ያሳደጋቸው። የሰፈራችን ትምህርት ቤቶች ዴስክ ይፈልጋሉ። ጤና ጣቢያው መደርደሪያ ይፈልጋል። ናሙናው እዚያ ሦስተኛው ድንኳን ውስጥ አለ። ነካክታችሁ እዩት፣ እግሩን ወዝውዙት፣ ከወደዳችሁት እዘዙን።

ስለ ደረጃ መለኪያውም አንድ ቃል። በ2003ቱ ስትራቴጂ የኢንዱስትሪ ጥቃቅን ተቋም የሚባለው ጠቅላላ ሀብቱ እስከ 100,000 ብር የሆነ ነበር። ዛሬ በዚያ ብር አንድ ደህና ማሽን አይገዛም። ማሽን ስላለው ብቻ አድጓል የሚባል ልጅ እንዳይኖር አደራ።

ስለ ግብር አከፋፈልና ስለ ባዛሩ የድንኳን ድልድል የሼዱ ተወካዮች ከሰዓት በስብሰባው ያነሱታል፤ እኔ አልደግመውም።

ደብዳቤያችን እዚህ በእጄ ነው። የሁሉም የሼዱ ኢንተርፕራይዞች ማኅተም አለበት። መብራት የገባበትን ቀን የሚያሳየው ሰነድ ቅጂም ተያይዟል። ከመድረኩ ስወርድ ለክብርት ሥራ አስፈጻሚያችን አስረክባለሁ፤ መዝገብ ቤትም ዛሬውኑ ቁጥር እንዲሰጠን እንጠይቃለን። መልሱን በጽሑፍ፣ እስከ መስከረም መጨረሻ እንጠብቃለን። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ማንም ሼድ እንዳይታሸግ እዚሁ በሕዝቡ ፊት ቃል ግቡልን።

አመሰግናለሁ።