የካንዴላ ክፍተት ሞተሩን ምን ያደርገዋል?

ሰላም ቤተሰብ፣ ዛሬ ገላን ነን፣ ጋራዥ ውስጥ ስለምንቀርጽ ድምፅ ቢረብሻችሁ ይቅርታ። መኪና ሲርገፈገፍ ሰው መጀመሪያ ቤንዚኑን ይጠረጥራል፣ ከዛ ፓምፕ ይቀየራል፣ ለካንዴላው ቮልት ሚሰጠው ቦቢና ይቀየራል፣ ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ ሚያቀጣጥለው ካንዴላ ግን ተፈቶ በአይን ታይቶ "ደህና ነው" ተብሎ ይመለሳል። በአይን አይታወቅም እኮ!

(ካንዴላው በቅርበት ይታያል)

እቺ መሀል ያለችው ጫፍና ከላይ የታጠፈችው ብረት፣ በሁለቱ መሀል ያለውን ክፍተት ነው ምንለካው። በብዙ መኪና ከ0.7 እስከ 1.1 ሚሊሜትር ነው፣ ድሮዎቹ ወደ ጠባቡ አዳዲሶቹ ወደ ሰፊው።

ከጠበበ እሳቱ በቀላሉ ይዘላል ግን ትንሽዬ ነው፣ ሙቀቱንም ብረቶቹ ይሻሙታል፣ ስለዚ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሳትረግጡ፣ ይንቀጠቀጣል።

ብዙ ሰው ሚቸገረው ግን በሰፊው ነው። ካንዴላ ሲያረጅ ጫፉ እየተበላ ክፍተቱ ማንም ሳይነካው ይሰፋል፣ ቀስ ብላችሁ ስትነዱ ምንም አይታወቃችሁም፣ ከአዳማ ሰው ሞልታችሁ ስትመለሱ ዳገቱ ላይ ነዳጅ እስከመጨረሻው ስትረግጡ ግን ሲሊንደሩ ውስጥ ብዙ አየር ገብቶ ይታመቃል፣ በታመቀ አየር ውስጥ ለመዝለል ደሞ እሳቱ ተጨማሪ ቮልት ይፈልጋል፣ ቦቢናው ሲያቅተው ያ ሲሊንደር ሳይቃጠል ያልፋል። ቤንዚናችሁ በማርሚታ፣ በጭስ ማውጫው፣ ወጣ ማለት ነው፣ በዚ የቤንዚን ዋጋ! ጭሱን ሚያጣራው ካታሊቲክ ካለው እሱንም ያበላሸዋል። ቦቢናውም ሁሌ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ይሞታል፣ አዲስ ገዝታችሁ በዛው አሮጌ ካንዴላ ብታስነሱት እሱም ተራው ይደርሰዋል።

አንድ ብዙ ሰው ማያስበው ነገር፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ እና የሰፋ ክፍተት እዚ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ቆላ ስትወርዱ አየሩ ወፈር ሲል ይጋለጣል። "ከተማ ውስጥ ደህና ነበረች" ሲባል አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል።

(መለኪያው ሲገባ ይታያል)

ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የመኪናችሁን የክፍተት ቁጥር ከማኑዋሉ እዩ። ኤንጂኬ ሚባለው ብራንድ ካንዴላ ላይ የኮዱ መጨረሻ 11 ካለ 1.1 ሚሊሜትር ማለት ነው። በዛ ቁጥር ያለው ስስ መለኪያ ክፍተቱ ውስጥ ትንሽ ያዝ እያረገው ከገባ ልክ ነው። ካልሆነ የታጠፈችዋን ብረት ብቻ ቀስ አርጋችሁ አስተካክሉ፣ የመሀሉን እንዳትነኩት፣ በተለይ ኢሪዲየም ከሆነ ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይሰበራል፣ አዲስ ከሆነ ደሞ ለኩትና ልክ ከሆነ እንዳለ እሰሩት።