ሰውየው ምን ብሏት ነው?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ አዲሱ ሥራዬ እንደማወራ ቃል ገብቼላችሁ ነበር፤ ይቆይ። ባለፈው ክፍል በጨረፍታ ያነሳሁት የፋንግሱን ሻይ ነገር፣ ጓንዡ በምትባለው የቻይና ከተማ የሻይ ገበያ የጠጣሁት፣ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። «የቡና ከሃዲ» እያላችሁ የምትጽፉልኝ ወገኖች፣ ብዕራችሁን አዘጋጁ።

አዪን ታውቋታላችሁ፤ ያቺ በካልኩሌተር ዋጋ የምትከራከረኝ ሻይ ሻጭ ሴትዮ። በዚያን ቀን ካልኩሌተሩ ከመሳቢያው አልወጣም፤ ነገሩ ያኔውኑ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ጓንዡ ላይ ዝናብ ይዞታል፣ የሻይ ገበያው ጭር ብሏል። እኔ የመጣሁት እንደ ልማዴ ፑኤር ልገዛ ነው፣ እየቆየ የሚያረጀውን የዩናን ክፍለ ሀገር ሻይ፤ ያውም ርካሹን፣ የበሰለውን። እሱ እንኳ በ1973 የዩናን ዋና ከተማ ኩንሚንግ ውስጥ ሠራተኞች ቅጠሉን ከምረው፣ ውሃ አርከፍክፈውና ሸፍነው በሳምንታት ማስረጀት የጀመሩት ዓይነት ነው፤ ዓመቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፣ እንዳትጽፉልኝ። አዪ ግን መሰላል ላይ ወጥታ ከላይኛው መደርደሪያ ሌላ ነገር አወረደች። ጥሬውን። ታምሶ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ በእንፋሎት ለስልሶ ከተጠፈጠፈ በኋላ ማርጀቱ ለጊዜ የተተወለትን።

የተጠቀለለበት ወረቀት ጠርዙን ነፍሳት በልተውታል። መሃሉ ላይ አንድ ፊደል፣ ዙሪያውን 8 ቀያይ ፊደላት። ይህ ማኅተም ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ የተጭበረበረ ወረቀት በገበያው ሞልቷል። ዓመቱን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ያየሁት አንድ ነገር ቢኖር የተጠፈጠፈው ድፍን ሻይ ተበልቶ ተበልቶ ሩብ ያህል መቅረቱን ነው። ሙሉው 357 ግራም ይመዝናል። የቀረውን እናንተ አስሉት።

ወስፌ በመሰለችው መውጊያ ከጎኑ ገብታ ንብርብሩን በቀስታ ፈለቀቀችው፤ ቅጠሉ ከተሰባበረ ሻይው ይመራል። ሚዛን ላይ 7 ግራም። ክዳን ያለው ትንሽ ሲኒ፣ 100 ሚሊ ሊትር ቢይዝ ነው። የሚንተከተክ ውሃ አፈሰሰችበትና ወዲያው ደፋችው፤ ያ ለማጠብ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሞልቶ መቅዳት ነው፤ ውሃው ቅጠሉ ላይ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ፣ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ እየተጨመረ። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ካምፎር ካምፎር (ካፉር) ይላሉ፤ ከሥር ደግሞ የምድር ቤት እርጥበት አለ። ቀለሙ ወደ ቀይ ያደላ ብርቱካንማ፣ ጥርት ያለ። ቀጥሎ እንጨት መጣ፣ ከእንጨቱ በኋላ ምሬት። ምሬቱ ምላስ ላይ አይቆይም፤ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። እዚያ ደርሶ ወደ ጣፋጭነት ይለወጣል ይላሉ ወዳጆቹ፤ እኔ እስከዚያ ሰዓት ድረስ አልተለወጠልኝም ነበር።

እንግዲህ ስድስተኛው ዙር ላይ ይመስለኛል ባሏ የገባው።

ጃንጥላው ይንጠባጠባል። መጀመሪያ ያየው እኔን አይደለም፤ ወረቀቱን ነው። ከዚያ ድፍኑን፣ ከዚያ ሲኒውን፣ ከዚያ እኔን። በዚያ ቅደም ተከተል። በካንቶኒዝ፣ በአካባቢው ቋንቋ፣ አንድ ነገር አላት። የእኔ ማንዳሪን፣ ማለትም ዋናው ቻይንኛ፣ የሱቅ ማንዳሪን ነው፤ ካንቶኒዝማ ከነአካቴው። ድምፁ የቁጣ አልነበረም። የቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እሷ ከምትቀዳው ላይ ዓይኗን ሳታነሳ ባጭሩ መለሰችለት። እሱም ጃንጥላውን ጥግ አስደግፎ፣ በርጩማ ስቦ፣ ከፈላው ውሃ ውስጥ አንዲት ሲኒ በመቆንጠጫ አውጥቶ ከእኔ ሲኒ ጎን አስቀመጠ። ቀዳችለት። ጠጣ። ማንም አልተናገረም።

የዚያ ዙር ሻይ ጣፈጠ። በቃ፣ ጉሮሮዬ ላይ ጣፈጠ።

እስካሁን የማላምጠው ይህንን ነው። «ለዚህ ሰው ብለሽ ነው የከፈትሽው?» ብሏት ይሆን? «ገና ነበር እኮ» ብሏት ይሆን? ወይስ «ዝናቡ በርትቷል፣ ሩዝ ገዝተሻል?» ነው ያላት? ሦስቱም ከፊቱ ጋር ይሄዳሉ።

«ገና ነበር» የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የጥሬ ፑኤር ንግድ መጠበቅ ነው። ሰባት ድፍን በቀርከሃ ልባስ ታስሮ ይገዛል፣ ይቀመጣል። 7542 የሚባለውን ስሙ የገነነ ቅመራ ውሰዱ፤ 75 ቅመራው የወጣበት ዓመት (1975፣ አሁንም በአውሮፓውያኑ)፣ 4 የቅጠሉ ደረጃ፣ 2 የሜንግሃይ ፋብሪካ መለያ ነው። ከሰማንያዎቹ መጨረሻና ከዘጠናዎቹ መጀመሪያ የነበረው ሆንግ ኮንግ ውስጥ ደረቅ ቦታ ተቀምጦ ቆይቶ ዛሬ ዋጋው አይነገርም። ይህን ያየ ሁሉ ሻይ ማከማቸት ጀመረ፤ ዋጋው ሽቅብ ወጣ፤ በ2007 ተንኮታኮተ። ብዙ ሰው ጎተራ ሙሉ ቅጠል ታቅፎ ቀረ። አዪና ባሏ ከየትኞቹ ነበሩ? ከሚጠብቁት ወይስ ከተንኮታኮተባቸው? የሁለተኛው ወገን ከሆኑ፣ ያ ሩብ ድፍን የሽያጭ ዕቃ ላይሆን ይችላል። የልጅ ሠርግ ይሆናል... አሁን ደግሞ ሠርግ ፈጠርኩላቸው። ተዉት።

ነገሩ ቀላል ማብራሪያም አለው። ጥሬው ፑኤር ከተወሰኑ ዙሮች በኋላ ምሬቱ ይላላል፤ ጣፋጩ የሚወጣው ያኔ ነው። ባልየው ባይገባም ያ ዙር ይጣፍጥ ነበር ማለት ነው። ይህን ማረጋገጥ እችላለሁ ብዬ ነበር፤ ምክንያቱም ስወጣ ቁራጭ በወረቀት ጠቅልላ ሰጥታኛለች፤ እሱ እያየ።

አዲስ አበባ ገብቼ የእማዬን ወስፌ ሰረቅሁ። ሁሉንም እንደ አዪ አደረግሁ። አልሆነም። ለምን መሰላችሁ? እዚህ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያረጀ ፑኤር ደግሞ የሚፈልገው ጓንዡ ያለውን ዓይነት፣ 100 ዲግሪ የሚደርሰውን ውሃ ነው። ሲኒውን አሞቅሁ፣ ቅጠሉን ረዘም አድርጌ አቆየሁ፤ ምሬቱ መጣ፣ ለውጡ ግን የለም። አንዱ አድማጫችን «በፕሬዠር ኩከር ቀቅለው» ብሎ ጽፎልኛል። እግዚአብሔር ይይልህ።

ቆይ ግን። ኩንሚንግ ራሷ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያም ውሃ ወደ 94 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። ዩናን ሻይው የተወለደበት አገር ነው። ታዲያ በዩናን ደጋ ላይ የሚኖረው ሰው 100 ዲግሪ ሳያይ ሲጠጣ ኖሮ ስህተተኛው ማን ነው? ይህንን ሳስብ ደስ አለኝ፤ ከዚያ ደግሞ ምንም እንዳልጠቀመኝ ገባኝ።

የማስቀመጡ ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። ፑኤር ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል፤ እኛ ቤት ዕጣን ይጨሳል፣ ቡና ይቆላል፣ በርበሬ ይደለዛል። የአዲስ አበባ አየር ደግሞ ቀዝቃዛና ደረቅ ስለሆነ እርጅናው ይንቀራፈፋል። ሻንጣ ውስጥ፣ ሻንጣውን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥሁት። እማዬ ልብስ ስትፈልግ አግኝታው «ይህ ኩበት ምንድን ነው?» አለች። ሻይ ነው አልኋት፤ የቆየ፣ ውድ። አገላብጣ አየችውና «ለማን ነው የምታስቀምጠው?» አለችኝ።

ተቆጣሁ። ለምን እንደተቆጣሁ አላውቅም። ባልየውም ይህንኑ ብሏት ይሆናል የሚለው አሁን፣ እያወራሁ፣ መጣልኝ፤ ጥሩ መዝጊያም ይመስላል። ግን አይመስለኝም። እማዬ የጠየቀችው ቁም ሣጥኑ ስለጠበባት ነው።

አሁን የቀረችኝ ቁራጭ ለአንድ ጊዜ ብትበቃ ነው። ሹፌር ወዳጄ፣ ያ የምታውቁት፣ በሚቀጥለው ወር ቱሪስቶች ይዞ ወደ ዳሎል ይወርዳል። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፤ እዚያ ውሃ ለመፍላት 100 ዲግሪን ትንሽ ያልፋል። ስነግረው ሳቀብኝ፤ በዚያ ሙቀት ትኩስ ሻይ ለመጠጣት የሚጓዝ ሰው አይቶ እንደማያውቅ ማለለኝ። እኔም ሳቅሁ። ግን ቦታ ይኑር አይኑር ጠየቅሁት። አለ አለኝ። ደግሞስ ዳሎል ላይ ጣፈጠኝ እንበል፣ ይህ ስለ ሰውየው ምን ይነግረኛል? አዪን በስልክ መልእክት ልጠይቃት እችላለሁ፤ ጽፌ ጽፌ እሰርዘዋለሁ። «ሩዝ ነው ያለኝ» ካለችስ? እንጃ። ሹፌሩ እስከ ዓርብ አሳውቀኝ ብሏል...