የልብ ቫልቮችና የልጆቻችን ጉሮሮ፦ በደሴ ከተማ ለወላጆችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የተከበራችሁ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች፣

አሰላሙ አለይኩም፤ ጤና ይስጥልኝ። ስለ ልብና ስለ ደም ስሮች እንድናገር ስትጋብዙኝ ከሰፊው ጉዳይ አንዱን መርጬ መጥቻለሁ፤ እርሱም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግዱት የልብ ቫልቮች ጉዳይ ነው። የመረጥሁትም በአገራችን የብዙ ወጣቶችን ልብ የሚያደክም፣ ሩማቲክ የልብ ሕመም የተባለ አንድ በሽታ የሚያበላሸው እነዚህኑ ቫልቮች ስለሆነና፣ ይህም በሽታ ልንከላከለው የምንችለው ስለሆነ ነው።

ልብ የባለቤቱን ጭብጥ የሚያህል፣ አራት ክፍሎች ያሉት ጡንቻ ነው። ኦክስጅኑን ለሰውነት ሰጥቶ የተመለሰው ደም በደም መላሽ ስሮች በኩል ወደ ቀኙ ላይኛ ክፍል ይገባል፤ ከዚያ ወደ ቀኙ ታችኛ ክፍል ወርዶ ወደ ሳንባ ይገፋል፤ በሳንባ ውስጥ ኦክስጅን ይዞ ወደ ግራው ላይኛ ክፍል ይመለሳል፤ በመጨረሻም የግራው ታችኛ ክፍል በትልቁ ደም ወሳጅ ስር አማካይነት ለመላው አካል ያሰራጨዋል። በሳንባ በኩል ያለውን ጉዞ በ13ኛው መቶ ዘመን በካይሮ የኖረው ሐኪም ኢብን አል-ነፊስ በትክክል ጽፎት ነበር። ከእርሱ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ደም ከቀኝ ወደ ግራ የሚያልፈው በልብ መካከለኛ ግድግዳ ላይ ባሉ የማይታዩ ቀዳዳዎች ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ እርሱ ግን ግድግዳው ድፍን መሆኑን አስረግጦ ተናገረ። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሃርቬይ ደግሞ በ1628 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ፣ ልብ በግማሽ ሰዓት የሚገፋውን ደም አስልቶ በሰውነት ውስጥ ካለው ጠቅላላ ደም እንደሚበልጥ አሳየ፤ ስለዚህ ያው ደም ዞሮ መመለስ አለበት አለ። ደም ወሳጁን ከደም መላሹ የሚያገናኙት ቀጫጭን ስሮች በአጉሊ መነጽር የታዩት ግን ከዚያ በኋላ፣ በ1661 እ.ኤ.አ. ነው።

አንድ ጤናማ አዋቂ ሰው ዕረፍት ላይ ሳለ ልቡ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይገፋል። በደቂቃ 70 ጊዜ ቢመታ፣ ለአንዱ ምት 0.86 ሴኮንድ ያህል ይደርሰዋል። ከዚህ ውስጥ ልብ ተኮማትሮ የሚገፋው ለ0.3 ሴኮንድ ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረውን ጊዜ ላልቶ ደም ይሞላበታል። የልብ ጡንቻ ራሱ የሚመገበው ደምም በአመዛኙ የሚደርሰው በዚሁ በሚላላበት ጊዜ ነው። እኔ ስለ ልብ ካወቅሁት ሁሉ ይህን ያህል የሚያስደንቀኝ የለም። ስንሮጥ ወይም አቀበት ስንወጣ ምቱ ሲፈጥን፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚያጥረው ይህ የመሙያ ጊዜ ነው።

በግራው ላይኛና ታችኛ ክፍል መካከል ያለው ቫልቭ በጤናማ አዋቂ ሰው ሲከፈት ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ስለዚህ ጊዜው ቢያጥርም ደሙ በቀላሉ ያልፋል። ቫልቩ ጠቦ ወደ 1.5 ካሬ ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በታች ሲወርድ ግን ደሙ በአጭር ጊዜ ማለፍ ያቅተዋል፤ ወደ ኋላ ወደ ሳንባ ይጠራቀማል፤ በሳንባ ስሮች ውስጥ ግፊቱ ሲያይል ውሃው ወደ ሳንባው ይሰርጋል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንመጣ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ እንላለን፤ አየሩም ይሳሳል፤ የከተማችን መንገድ ደግሞ አብዛኛው ዳገት ነው። ሜዳ ላይ ደህና የምትመስል ልጅ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቆማ የምትተነፍሰው ሁልጊዜ ደካማ ስለሆነች አይደለም። ብዙ ወጣት ሴቶችም ሕመማቸውን የሚያውቁት ሲያረግዙ ነው፤ በእርግዝና ወቅት የደም መጠን ከግማሽ ብዙም በማያንስ ስለሚጨምር፣ የጠበበው ቫልቭ ያን ሁሉ ማሳለፍ አይችልም።

ቫልቩን የሚያጠበው ምንድን ነው? መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ የሚመጣ፣ ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ የሚከሰት የጉሮሮ ሕመም ነው። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጉሮሮው ድኖ ሳለ፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ ትኩሳትና ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ የሚዘዋወር ቁርጥማት ይነሣል፤ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የተዘጋጀው የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል መለየት ተስኖት ቫልቮቹን ያጠቃልና። ቁርጥማቱ ጠባሳ ሳይተው ያልፋል፤ ቫልቩ ግን ጥቃቱ ሲደጋገም ይወፍራል፣ ጠርዞቹም ይጣበቃሉ።

አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አያስፈልገውም፤ የትኛው እንደሚያስፈልገው የሚለየው ግን ጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ ነው። በባክቴሪያ የመጣ ሆኖ ሕክምናው በ9 ቀን ውስጥ ከተጀመረ የልብ ጉዳቱን ማስቀረት ይቻላል። የሚዋጥ ፔኒሲሊን ከታዘዘ ደግሞ ልጁ በሁለተኛው ቀን ቢሻለውም 10 ቀኑን መፈጸም አለበት። እናቶቼና አባቶቼ፣ እንጥል ማስቆረጥ የልጃችሁን ሥቃይ ለማቅለል በማሰብ እንደምታደርጉት አውቃለሁ፤ ሆኖም ባክቴሪያውን አያጠፋም፣ መድማትንና ሌላ ኢንፌክሽንን ግን ያመጣል፤ እባካችሁ ይቅር።

ቁርጥማቱ አንዴ የያዘው ልጅ ዳግመኛ እንዳይጠቃ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ይወስዳል። መርፌው ያማል፤ ልጁም ጤነኛ መስሎ ስለሚታይ ቤተሰብ ይሰለቻል፣ ቀጠሮውም ይቀራል። መምህራን ሆይ፣ በመርፌው ቀጠሮ ቀን ከትምህርት ለሚቀር ተማሪ ፈቃድ ስጡት፤ ያለፈውንም ትምህርት አካክሱለት። ወላጆች ደግሞ የቀጠሮውን ካርድ በቤታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ ሐኪሙ ራሱ ይብቃ እስኪል ድረስም መርፌው አይቋረጥ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።