ጭመቃው መቼ ይለቃል? ስለ ጊታር ኮምፕሬሰር

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ። ስለ ኮምፕሬሰር ፔዳል፣ በጊታሩና በአምፕሊፋየሩ መሀል ስለምትገባው በእግር የምትበራ ትንሽ ሳጥን፣ ላወራችሁ ነው።

ጊታር የሚጫወቱ ልጆች ብዙ ጊዜ «የቱን ኮምፕሬሰር ልግዛ?» ይሉኛል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የምትጫወተው ምንድነው? ትዝታ ነው ወይስ ችክችካ? ጥያቄው ይገርማቸዋል። የፔዳል ስም ነበር የጠበቁት። ለእኔ ግን ምርጫው የሚጀምረው እዚያ ነው።

መጀመሪያ ሥራውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ኮምፕሬሰር ድምፅ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ይቀንሰዋል። የመቀነሻው ልክ፣ ማለትም ሬሾው፣ አራት ለአንድ ከሆነ፣ ልኩን በ8 ዴሲቤል ያለፈ ድምፅ በ2 ዴሲቤል ብቻ አልፎ ይወጣል። ከዚያ ጠቅላላውን ድምፅ ከፍ ታደርጉታላችሁ። ጠንካራው ምትና ለስላሳው ምት ይቀራረባሉ። ኖታውም ቶሎ አይጠፋም።

ሰው ሲገዛ ስለ ሬሾ ነው የሚያወራው። እኔ ሪሊሱን፣ ማለትም አለቃቀቁን፣ እዩ እላለሁ። ፔዳሉ የጨመቀውን ድምፅ ለመልቀቅ ምን ያህል ጊዜ ይወስድበታል? ዋናው ነገር ይሄ ነው።

ዳይና ኮምፕን እንውሰድ። ኤምኤክስአር የሚባለው ኩባንያ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ያወጣት ቀይ ሳጥን ናት። ያሏት ሁለት ኖቦች፣ ማለትም የሚዞሩ ማስተካከያዎች፣ ናቸው፤ የሚወጣውን ድምፅ የሚወስነው አውትፑትና የጭመቃውን ብዛት የሚወስነው ሴንሲቲቪቲ። ሮስ የሚባለው ኮምፕሬሰርም ከእሷ ብዙም አይለይም። ዛሬ ገበያ ላይ ካሉት ፔዳሎች ብዙዎቹ የእነዚህ የሁለቱ ዘሮች ናቸው። እኔ ቤት የሠራሁትም የዚሁ ቤተሰብ ነው።

የዚህን ሰርኪውት ቦርድ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት፣ ሪሊሱን የሚወስኑት ሁለት ዕቃዎች ናቸው። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም አንድ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና ፍሰቱን የሚገታ አንድ 150 ኪሎ ኦም ሬዚስተር። ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱ ካፓሲተሩ ይራገፋል፤ ድምፁም ይቀንሳል። ከዚያ በሬዚስተሩ በኩል ቀስ እያለ ይሞላል፤ ድምፁም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሁለቱን ቁጥሮች አባዟቸው። 1500 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም 1.5 ሰከንድ ይመጣል። በዚያ ጊዜ ውስጥ እንኳን የሚመለሰው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ነው።

እስቲ ይሄን ከችክችካ ጋር አስተያዩት። ዘፈኑ በደቂቃ 120 ትልልቅ ምት ይሂድ። አንዱ ትልቅ ምት ግማሽ ሰከንድ ነው። ውስጡ ያሉት ሦስቱ ትናንሽ ምቶች እያንዳንዳቸው 0.17 ሰከንድ ቢሆኑ ነው። ስለዚህ ፔዳሉ ለመመለስ ገና ደፋ ቀና ሲል ዘጠኝ ትናንሽ ምቶች አልፈውታል። አንዴ ከበሮውን ተከትላችሁ ጠንከር ካላችሁ፣ ከኋላ የሚመጡት ለስላሳ ምቶች አብረው ይሰምጣሉ። ችክችካን ደግሞ ችክችካ የሚያደርጉት እነዚያ ለስላሳዎቹ ናቸው! ባንዱ መሀል ሆናችሁ «ጊታሬ የት ገባ?» የምትሉት ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ያኔ አምፕሊፋየሩን ይጨምራል። አይጠቅምም። እንዲያውም ዘፈኑ ጸጥ ሲል የክሩን ድምፅ የሚቀበለው የፒክአፑ እምምታ አብሮ ከፍ ይላል።

ትዝታ ላይ ግን ያው ፔዳል ግሩም ነው። ኖታውን ትመቱና ትተዉታላችሁ። ክሩ እየደከመ ሲሄድ ፔዳሉ ቀስ እያለ ያነሳዋል። ለዝግታው ዘፈን ይሄ መለሳለስ ያምራል። ፍጥነት ከጨመራችሁበት ግን ድምፁ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

እኔ 150 ኪሎ ኦሙን አውጥቼ በቦታው አንድ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና አንድ ፖቴንሽዮሜትር፣ ማለትም በእጅ የሚዞር ሬዚስተር፣ በተከታታይ አስገባሁ። በፔዳል ሠሪዎች ዘንድ የቆየ ዘዴ ነው። አሁን ሪሊሱን በእጄ አዞረዋለሁ። ወደ 33 ኪሎ ኦም አካባቢ ሳመጣው 0.33 ሰከንድ ይሆናል፤ የሁለት ትናንሽ ምቶች ዕድሜ ማለት ነው። ያኔ ለስላሳዎቹ ምቶች ብቅ አሉ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሪሊሱ ሲያጥር ጭመቃውም ትንሽ ይላላል። ሴንሲቲቪቲውን ጨመር ማድረግ ያስፈልጋል። ደግሞ ይሄን የሪሊስ ኖብ ብዙዎች «አታክ» ብለው ነው የሚጽፉበት፤ አታክ ግን ጭመቃው የሚጀምርበት ፍጥነት ነው። ጽሑፉን ትታችሁ በጆሯችሁ ሞክሩት።

ለመሥራት ለምታስቡ ትንሽ ስለ ዕቃ ልበል። የዳይና ኮምፕ ልብ የሆነው ሲኤ3080 ቺፕ መመረት ካቆመ ቆይቷል። አሮጌው በውድ ይሸጣል፤ አስመሳዩም ሞልቷል። ኤልኤም13700 ግን እስካሁን ይመረታል፤ ሥራውንም ይሠራል፤ የእግሮቹ አቀማመጥ ግን ስለሚለይ ቦርዱ ለእሱ የተሠራ መሆን አለበት። ከዚህ ቀለል ያለ ለሚፈልግ ደግሞ ኦሬንጅ ስኩዊዘር አለ። ዳን አርምስትሮንግ ነው ያወጣው። ኖብ የለውም፤ በቀጥታ ጊታሩ ላይ ይሰካ ነበር። ዕቃው ትንሽ ነው። ፈተናው ጄፌት ትራንዚስተሮቹ ናቸው፤ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም። ስለዚህ ውስጥ ያለችውን ትንሿን ማስተካከያ በካቻቪቴ እያዞራችሁ፣ እየተጫወታችሁ ቦታዋን መፈለግ አለባችሁ። ለጀማሪ እሱን እመርጣለሁ። ጆሮ ያሠለጥናል።

ለምትገዙ ደግሞ፣ ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ጊታር ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ፔዳሉ ሲበራና ሲጠፋ ድምፁ እኩል እንዲሆን ቮሊውሙን አስተካክሉ። እባካችሁ ይሄን አትዝለሉ፤ ጮክ ያለ ነገር ሁሉ ጥሩ ይመስላል። ከዚያ በምትጫወቱት ፍጥነት ችክችካውን ምቱ። አንዱን ጠንከር፣ ቀጣዮቹን ለስለስ አድርጉ። ለስላሳዎቹ ተሰሙ? ከዚያ አንድ የትዝታ ሐረግ ተጫወቱ። የክራር አመታት የለመደ እጅ ካላችሁ፣ ክሩን የምትመቱበት የፒኩ ጫፍ መሰማቱንም አጣሩ። አታኩ በጣም ከፈጠነ እሱን ይበላዋል። ብሌንድ ኖብ ያለው ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ ያልተነካውን ድምፅ ከተጨመቀው ጋር ትቀላቅሉበታላችሁ። ሪሊስና ብሌንድ ያለው፣ ሬሾ ግን የሌለው ፔዳል ቢሰጡኝ ሳላመነታ እወስዳለሁ።

የፔዳል ሰሌዳችሁ ላይ ስታስቀምጡት ድምፁን ከሚያሻክረው ከኦቨርድራይቭ ፔዳል በፊት አድርጉት። ከኋላ ካደረጋችሁት የኦቨርድራይቩን ሹክሹክታ ሁሉ ያጎላዋል።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው በብርሃን የሚሠራው ዓይነት ነው። አንዲት ኤልኢዲና ብርሃን ሲያርፍበት የሚለዋወጥ ሬዚስተር፣ ሁለቱም ብርሃን በማያስገባ ጥቁር ቱቦ ውስጥ። ሬዚስተሩ ከጨለማ ጋር ቀስ ብሎ ነው የሚላመደው፤ ሪሊሱም የሚመጣው ከዚያ ነው። ለትዝታው አልሰጋም። ችክችካው ላይ እንዴት እንደሚሆን ሠርቼ ስጨርስ በድምፅ አሰማችኋለሁ። ሰላም ሁኑ።