ያላመነውን የጻፈ ሰው

የተከበራችሁ የንባብ ማኅበራችን አባላት፤

ባለፈው ስብሰባችን ከጥንቶቹ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊዎች ከሄሮዶተስና ከቱሲዲደስ መጻሕፍት የትኛውን እናንብብ በሚለው ላይ ሳንስማማ ተለያይተናል። ከእኔ በፊት የተናገሩት ወንድማችን ቱሲዲደስን ማድነቃቸው ተገቢ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 የተጀመረውን የአቴናና የስፓርታ ጦርነት የጻፈው ራሱ የጦር አዛዥ ሆኖ የዋለበት፣ ሊያድናት የተገባው የአምፊፖሊስ ከተማ በጠላት እጅ ስለወደቀች 20 ዓመት በስደት የኖረ ሰው ነው። ነገር ግን የምስክሮቹን ቃል መርምሮ የደረሰበትን ፍርድ ይሰጠናል እንጂ፣ የጣለው ቃል ምን እንደነበረ አብዛኛውን ጊዜ አያሳየንም።

ሄሮዶተስ ግን የጣለውንም ያሳያል። በአራተኛው ክፍል እንደሚተርከው፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ፈርዖን ኒካዑ ብለን የምናውቀው ንጉሥ የፊንቄ መርከበኞችን አፍሪካን ዞረው እንዲመጡ ከቀይ ባሕር ላካቸው። መርከበኞቹ የዘር ወቅት በደረሰ ቁጥር ወደ ምድር እየወረዱ እየዘሩ፣ አዝመራው እስኪደርስ እየጠበቁ፣ አጭደውም እየቀዘፉ በሦስተኛው ዓመት ግብፅ ገቡ። በጉዟቸውም ፀሐይ በቀኛችን ነበረች አሉ። ሄሮዶተስ ይህን ሌላው ቢያምነው እኔ አላምነውም ብሎ ጻፈ፤ ግን አልሰረዘውም! ከምድር ወገብ ርቆ በደቡብ በኩል ወደ ምዕራብ የሚቀዝፍ ሰው የቀትርን ፀሐይ በእርግጥ በቀኙ ያያታል። እርሱ ያላመነው ያ ቃል፣ ዛሬ ለጉዞው እውነትነት ከሁሉ የበረታ ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በተማሪነቴ በታሪክ ፈተና ላይ ስለ አንድ ውጊያ ሁለት የሚጋጩ ወሬዎችን ጠቅሼ «እንዲህም ይባላል» ብዬ ብጽፍ፣ መምህሩ «ይባላል» የሚለውን ቃል ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አንድ ድምፅ ብቻ ስጽፍ ኖርኩ። ወጣቱን አንባቢ ሌላ ሰው ያላመጠለትን እንዲውጥ ማስለመድ፣ ጥርስ የለህም ብሎ መስደብ ነው! እኔ በዚህ አልስማማም።

ሄሮዶተስ ስለተረካቸው፣ ከቀበሮ ስለሚበልጡት ወርቅ አውጪ ጉንዳኖች እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ፤ ያንንም ፋርሶች እንደሚሉት ብሎ ነው የጻፈው። ቱሲዲደስም ቢሆን በመጽሐፉ ያሉትን የሰዎች ንግግሮች ለየጊዜው ይገባል ባለው ቃል እንዳቀናበራቸው ራሱ ተናግሯል።

ስለዚህ ድምፃችሁን ለሄሮዶተስ እንድትሰጡ፣ ንባባችንንም ከአራተኛው ክፍል እንድንጀምር እጠይቃለሁ። በቀጣዩ ዓመት ቱሲዲደስ ሲቀርብ የመጀመሪያዋን እጅ የማወጣው እኔ ነኝ።

አመሰግናለሁ።