«ስንቴ ነገርኩሽ?»፦ ስለ «ብሉ ቫለንታይን» ያወራንበት ክፍል

ሀያት፦ ከጅማ ሰላም ብለናል። የቆርቆሮው ድምፅ ከረበሻችሁ ይቅርታ። ሐምሌ ነው፣ ጅማ ነው። ዝናቡ እስኪያባራ ብንጠብቅ የምትሰሙን መስከረም ላይ ነበር።

በረከት፦ በሩንም ከፍተነዋል። የከሰሉ ጭስ ሊገድለን ነበር።

ሀያት፦ አቦሉን ጠጥተናል፣ ቶናው እየፈላ ነው። በል ጀምር።

በረከት፦ ዛሬ «ብሉ ቫለንታይን» ነው። በፈረንጆቹ 2010 የወጣ፣ የዴሪክ ሲያንፍራንስ ፊልም። ባልየው ዲን ራያን ጎስሊንግ ነው፣ ሚስትየዋ ሲንዲ ሚሼል ዊሊያምስ። መጨረሻውንም ስለምናወራ ያላያችሁት ቀድማችሁ እዩት።

ሀያት፦ ምን መጨረሻ አለው? ገና ከመጀመሪያው ታውቀዋለህ እኮ። ውሻቸው ትጠፋለች፣ የግቢው በር ሳይዘጋ ቀርቶ። ባልየው ምን ይላታል? «በሩን ዝጊ ብዬ ስንቴ ነገርኩሽ?» አለቀ። «ስንቴ ነገርኩሽ» የገባበት ቤት...

በረከት፦ ኧረ ተይ፣ እንደዚያ ከሆነማ ጅማ ውስጥ የሚተርፍ ትዳር የለም።

ሀያት፦ (ሳቅ) እሱስ እውነትህን ነው።

በረከት፦ እኔን የያዘኝ አሠራሩ ነው። ሁለት ጊዜ ላይ ይመላለሳል፤ የተዋደዱበት ጊዜና የሚለያዩበት ሁለት ቀን። መሃል ያሉትን ዓመታት አያሳይሽም። እኔ ደግሞ ፊልሙን ሙሉ የተሰነጠቀበትን ቀን ስፈልግ ነበር። የለም። ዘለውታል።

ሀያት፦ ምስሉም ይለያያል አይደል?

በረከት፦ አዎ። የድሮው በ16 ሚሊሜትር ፊልም ነው የተቀረጸው፣ የአሁኑ በዲጂታል። በሁለቱ ቀረጻዎች መሃል ደግሞ ተዋንያኑ አንድ ወር ገደማ እዚያው የፊልሙ ቤት ውስጥ አብረው ቆይተዋል። በቀለም ቀቢው በዲንና በነርሷ በሲንዲ ገቢ ልክ አስቤዛ ይገዛሉ፣ ያበስላሉ፣ ዕቃ ያጥባሉ፣ ይጨቃጨቃሉ። ልጅ ሆና የምትሠራውም ትመጣ ነበር።

ሀያት፦ ለዚህ ነው ኩሽናው ውስጥ ተዋናይ የማይመስሉት። ሰው ዕቃ የሚያነሳበትን አኳኋን ታውቃለህ? ባሏ የሰለቻት ሴት ብርጭቆ የምታስቀምጥበት መንገድ አለ። ሚሼል ታውቀዋለች። ለኦስካር መታጨቷም ሲያንሳት ነው።

በረከት፦ እኔ ግን ዲን ያሳዝነኛል። ልጁን ይወዳል፣ ያጫውታታል። ደግሞ ልጅቷ የእሱ ላትሆን እንደምትችል እያወቀ እኮ ነው ሲንዲን ያገባት!

ሀያት፦ ጠዋት ከሥራ በፊት ይጠጣልስ?

በረከት፦ ይጠጣል። ግን ሲንዲ «በተሰጥኦህ አንድ ነገር መሥራት አትፈልግም?» ስትለው የሚመልሰው መልስ አለ። ባልና አባት መሆን የሚፈልገው ነገር እንደሆነ አያውቅም ነበር፤ አሁን ግን ሌላ ምንም አያምረውም። ይሄ ወንጀል ነው?

ሀያት፦ ወንጀል ማን አለ? እኔ የምለው ሌላ ነው። አስበው፣ ሲንዲ እዚህ ብትሆን ሽማግሌ ይቀመጥ ነበር። ጃርሳ ቢያ፣ የአገር ሽማግሌ ማለት ነው፣ ይጠራል፣ ሁለቱም ቤተሰብ ይመጣል።

በረከት፦ እኔም ያልኩት እሱን ነው! ያን ያህል ሲጣሉ ገብቶ በወጉ የሚያስታርቅ አንድ ሰው የለም። የእሷ አባትም እዚያው ቤት ነው፣ ሕፃኗን ይዞ ከመውጣት ሌላ ምንም አላደረገም።

ሀያት፦ ቆይ አስጨርሰኝ። ሽማግሌዎቹ ምን ይጠይቋታል? «ይመታሻል?» አይ። «ሌላ ሴት ይዟል?» አይ። «ልጁን ይበድላል?» ኧረ ይወዳታል። «እና ምን ሆንሽ?» በረከት፣ እዚህ ጋ ሲንዲ መልስ የላትም። ፊልሙ ሙሉ ስለዚህች ጥያቄ ነው። እኔ ዘመዴ ቤት አይቼዋለሁ። ሦስት ሽማግሌ ፊት «ምን አጠፋ?» ሲሏት መሬት መሬት ነበር የምታየው። በሚቀጥለው ቀን ወደ ባሏ መለሷት።

በረከት፦ አሁንስ?

ሀያት፦ አብረው ናቸው። ደህና ናቸው አልልህም፣ አይደሉም አልልህም።

በረከት፦ የሚገርመው ሕጉ ከሽማግሌው ይቀላል። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ተስማምተው የሚፋቱትን «ምክንያታችሁን ካልተናገራችሁ» አይልም። ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፣ እሱን ለሌላ ቀን።

ሀያት፦ ሕጉ አይጠይቅም፣ እናትህ ትጠይቃለች።

በረከት፦ ግን ያቺ የመጨረሻዋ ኩሽና... «ምን ልሁን ንገሪኝ፣ እሆናለሁ» ሲላት። በክፉም በደጉም ብለሽ ቃል ገብተሽ አልነበር፣ ክፉው ቀኔ ይሄ ነው ይላታል። እኔ ብሆን እመለስለት ነበር።

ሀያት፦ እኔም። ለዚህ እኮ ነው የምትፈራው። ካቀፈችው ትመለሳለች።

በረከት፦ አቅፋዋለች።

ሀያት፦ አቅፋው ነው የሸኘችው።

በረከት፦ ከዚያ ርችቱ እየተተኮሰ በመንገዱ ብቻውን ይሄዳል። ልጅቷ ከኋላው ስትሮጥ እኔ አለቀስኩ፣ ልደብቃችሁ አልችልም... ሀያት፣ ዝናቡ ማይኩ ላይ እየረጨ ነው። በሩን ዝጊው አላልኩሽም?

ሀያት፦ በል ጨርሳት! «ስንቴ»?