ዓይን የማይለየው የበቆሎ ጥራት

አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ክፍል አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ስለወሰደ ጉዳይ፣ ማለትም በበቆሎ ፍሬ ውስጥ ስላለው ፕሮቲንና ያንን ፕሮቲን ስለሚያዝዘው ጂን ነው። ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

በቆሎ ፕሮቲን የለውም የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። አባባሉ ትክክል አይደለም፤ ከፍሬው ክብደት ከዘጠኝ እስከ አሥር በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ነውና ችግሩ ከመጠኑ ሳይሆን ከዓይነቱ ነው። ከዚህ ፕሮቲን ግማሽ ያህሉን የሚይዘው ዜይን የሚባለው ሲሆን፣ ተክሉ ዜይንን የሚያከማቸው ለነገ ቡቃያው ስንቅ እንዲሆን እንጂ ለእኛ ብሎ አይደለም። ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው ላይሲንና ትሪፕቶፋን የተባሉት አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም ፕሮቲን የሚገነባባቸው ጡቦች፣ በዜይን ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል። ኦስቦርንና ሜንደል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1914 ባወጡት ጥናት፣ ከዜይን በቀር ሌላ ፕሮቲን ያልተሰጣቸው አይጦች ክብደታቸው እየቀነሰ ሲሄድ፣ ትሪፕቶፋን ሲጨመርላቸው ባሉበት መቆየታቸውን፣ ላይሲንም ሲታከልበት ማደግ መጀመራቸውን አሳይተዋል።

ከዚያ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አለፈ። በ1963 በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የባዮኬሚስትሪው ሊቅ ኤድዊን መርትዝ፣ የሥነ ዘረመሉ ሊቅ ኦሊቨር ኔልሰንና ተማሪያቸው ሊን ቤትስ፣ ኦፔክ-2 የሚባል ለውጥ ያለበትን በቆሎ ሲመረምሩ ከተለመደው በእጅጉ የበለጠ ላይሲን አገኙበት፤ ውጤቱንም በ1964 አሳተሙ። ይህ ለውጥ ያለበት ፍሬ ብርሃን አያሳልፍም፤ ኖራ የተቀባ ይመስላል። የዘር ሰብሳቢዎች ለዚህ መልኩ ሲሉ ከብዙ ዓመታት በፊት ጀምሮ ያስቀምጡት ነበር እንጂ ለምግብነቱ ያሰበው አልነበረም። ኦፔክ-2 ለዜይን ሥራ ትእዛዝ የሚሰጥ ጂን መሆኑ፣ ትእዛዙ ሲዳከም ዜይን እንደሚቀንስና ላይሲን ያላቸው ሌሎች ፕሮቲኖች ቦታውን እንደሚይዙ የታወቀው ኋላ፣ ጂኑ በ1980ዎቹ ተለይቶ ሲወጣ ነው።

ግኝቱ የፈጠረው ደስታ ግን ብዙ አልቆየም። አዲሱ በቆሎ ፍሬው ልል በመሆኑ ክብደቱ ያንሳል፣ ማሳ ላይ ቶሎ አይደርቅም፣ ይሻግታል፣ ጎተራ ሲገባም ነቀዝ ይረባረብበታል። ገበሬው አልወደደውም፤ የተራውን በቆሎ ዱቄት የለመዱት እናቶችም ሲፈጭ አልወደዱትም። በ1970ዎቹ ብዙ ተቋማት ጉዳዩን እርግፍ አድርገው ሲተዉት፣ ሜክሲኮ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል፣ እኛ በለመድነው አጠራር በሲሚት፣ ሁለት ሰዎች ሥራውን ቀጠሉ። አንዱ ሕንዳዊው አዳቃይ ሱሪንደር ቫሳል፣ ሁለተኛዋ ሜክሲኮአዊቷ ኬሚስት ኢቫንጄሊና ቪዬጋስ ነበሩ። በ2000 የዓለም የምግብ ሽልማትን በጋራ ተቀብለዋል፤ ቪዬጋስም ሽልማቱን በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በየመጽሐፉ ጎልቶ የሚጻፈው የ1963ቱ ግኝት ቢሆንም፣ በእኔ ሚዛን ከዚያ ቀጥሎ የመጣው የሠላሳ ዓመት ጥገና ይከብዳል።

ጥገናው የተሠራው ከሥሩ መብራት ባለበት የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ነው። ፍሬዎቹ በመስታወቱ ላይ ይበተኑና ብርሃን የማሳለፍ መጠናቸው እየታየ ከአንድ እስከ አምስት ይመደባሉ፤ አንድ ሙሉ በሙሉ የጠራ፣ አምስት ሙሉ በሙሉ የደፈነ ማለት ነው። ጀማሪ ሰው የጠራውን ሊመርጥ ይሽቀዳደማል። ልምድ ያለው አዳቃይ ግን አንድ ቁጥርን ይጠራጠረዋል፤ እጅግ የጠራ ፍሬ ተራ በቆሎ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና። የሚመረጡት ሁለትና ሦስት ናቸው፣ ጥቂት ደመና ያላቸው ማለት ነው። በዚህ መንገድ የኦፔክ-2ን ጥቅም ሳያጠፉ ፍሬውን የሚያጠነክሩ ሌሎች ጂኖች በየትውልዱ ተሰበሰቡ። በትክክል ምን እንደተሰበሰበ ያስረዱን ዓመታት ቆይተው እነ ብራያን ላርኪንስ ናቸው። የሥራ ዘመናቸውን ለበቆሎ ፍሬ ፕሮቲን የሰጡት እኚህ ሳይንቲስት ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1990 አካባቢ እንዳሳዩት፣ በጠነከረው ፍሬ ውስጥ ጋማ-ዜይን የሚባለው ዓይነት በሁለትና በሦስት እጥፍ ይበዛል። ዓይን የመረጠውን ላቦራቶሪው ኋላ አብራራው።

ከዚህ ላይ ግን ሥራችንን እስከ ዛሬ የሚያስቸግር ነገር ተወለደ። የቀድሞው ልል ፍሬ መጥፎ ነበር፤ ቢሆንም ማንም አይቶ ይለየው ነበር። ጉድለቱ ሲጠገን መለያው አብሮ ጠፋ። የተሻሻለው በቆሎ ከተራው ጋር አንድ ጆንያ ውስጥ ቢደባለቅ ገበሬም፣ ነጋዴም፣ እኔም ብሆን በዓይኔ ልለየው አልችልም። የቪዬጋስ ላቦራቶሪ በዓመት እስከ 25 ሺህ ናሙና ድረስ ይመረምር የነበረው ለዚህ ነው።

ምርመራው እንዲህ ነው። ናሙናው ይፈጫል፣ ቅባቱ ይወጣለታል፣ ከፓፓያ በሚገኝ ኢንዛይም ተዘፍዝፎ በ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያድራል። በማግስቱ አሲድ ሲጨመርበት ትሪፕቶፋን ያለበት ፈሳሽ ወደ ሐምራዊ ይለወጣል፤ የቀለሙ ድምቀትም በመሣሪያ ይለካል። ላይሲንን በቀጥታ መለካት ውድና አድካሚ ስለሆነ፣ በበቆሎ ውስጥም ላይሲን የትሪፕቶፋንን አራት እጥፍ ያህል ስለሚሆን፣ አንዱን ለክተን ሌላውን እንገምታለን። ሐምራዊው ቀለም ከቱቦ ቱቦ ሲለያይ ማየት፣ ስንት ጊዜ ብሠራውም፣ አልሰለቸኝም።

ጉዳዩ ለእኛ አገር ሩቅ አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከባኮ ምርምር ማዕከል ከዚሁ ከተሻሻለው በቆሎ ወገን የሆነ ቢኤችኪውፒ-542 የተባለ ዲቃላ ተለቀቀ፤ በኋላም መልካሳ-6ኪው፣ ቀጥሎም ገበሬው ጠንቅቆ ከሚያውቀው ከቢኤች-660 የተገኘው ኤኤምኤች-760ኪው መጡ። በምዕራብ ኢትዮጵያ የተካሄደውን ጨምሮ በልዩ ልዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች በ2010 በአንድነት ሲገመገሙ፣ በቆሎን ዋና ምግባቸው ያደረጉና የምግብ እጥረት የታየባቸው ሕፃናት ይህን በቆሎ ሲመገቡ የክብደት እድገታቸው ፍጥነት በ12 በመቶ፣ የቁመታቸው በ9 በመቶ ብልጫ አሳይቷል። ባቄላና ሽሮ፣ ወተትና እንቁላል በሚገኝበት ቤት ግን ልዩነቱ ብዙም እንደማይሰማ መናገር ይገባል፤ በቆሎው ተአምር ነው ብለው ከሚያስተዋውቁ ጋር አልስማማም።

ማሳ ላይ ሌላ ፈተና አለ። የፍሬው ዱቄታማ ክፍል የኦፔክ-2 ጂንን በሦስት ቅጂ ይይዛል፤ ሁለቱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት ነው። ጥራቱ የሚገኘው ሦስቱም ደካማ ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ከሦስቱ ጉልቻ አንዱ ከጎደለ ድስት እንደማይጣድ ሁሉ፣ ከጎረቤት ማሳ በነፋስ የመጣ የተራ በቆሎ ብናኝ የወደቀበት ፍሬ ያንኑ ዓመት ተራ ይሆናል። በዚህም ምክንያት ለልጆች የሚሆነው ከማሳው መካከል፣ ለሽያጭ የሚሆነው ከዳር ዳሩ ቢሰበሰብ ይሻላል ብለን እንመክራለን። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ማሳው ጥማድ ለማይሞላ ገበሬ ግን መካከሉና ዳሩ ያው ነው። ዘር እያስቀመጠ ለሚዘራማ ብክለቱ በየዓመቱ ይደራረባል፤ ነጋዴውም ለማያየው ጥራት ሳንቲም አይጨምርም።

አሁን ከቡቃያው ቅጠል በተወሰደ ናሙና ደካማው የኦፔክ-2 ጂን መኖሩን ፍሬ ሳይያዝ ማወቅ ይቻላል፤ ይህም አዳቃዩን ከብዙ ድካም አድኖታል። ሆኖም የቅጠሉ ምርመራ ጂኑ መኖሩን እንጂ ምን ያህል ላይሲን እንደተከማቸ አይነግረንም፤ የላይሲኑን መጠን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ ሌሎች ጂኖችም አሉና። ስለዚህ ዘሩ ለብዜት ከመሄዱ በፊት ናሙናው መፈጨቱ አይቀርም፤ የኬሚካሉንና የመሣሪያውን ወጪም ዘር አባዢው ይሁን መንግሥት መሸፈን ያለበት አንድ ወገን ሊኖር ይገባል። የእኔ አቋም መንግሥት ይሸፍነው የሚል ነው፤ ገበያው ዋጋ ያልሰጠውን ጥራት አባዢው ከኪሱ አውጥቶ ይጠብቀዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።